ብረት ወይስ ቆዳ?

ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ የምትጫወቱ ልጆች፣ ስሙኝማ። ጥሩር ለመልበስ ብላችሁ ብረት ሥራ ላይ ዕድሜያችሁን አትጨርሱ! የሩን ጥሩር ለመልበስ መከላከል 40 ያስፈልጋል። ለመሥራትስ? ብረት ሥራ 99፣ የመጨረሻው ሌቭል! ለአንዱ 5 የሩናይት ማዕድንና 40 ከሰል ይበላል። ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

የአረንጓዴ ዘንዶ ቆዳ ግን እጅ ሥራ 63 ላይ ይሰፋል። እሱም ቀላል አይደለም፣ ግን ይደረስበታል። 3 ቆዳ፣ መርፌና ክር፣ አለቀ። አል ካሪድ ያለው ቆዳ አልፊ ለአንዱ 20 ሳንቲም ነው የሚቀበላችሁ። አስማተኛ ሲገጥማችሁም ከብረቱ ይልቅ ቆዳው ያድናችኋል። በሰይፍ ለሚዋጋ ብረት ይሻላል፣ እሱን አልክድም። ታዲያ ገዝታችሁ ልበሱ።

እኔ 99 ገብቼ የሠራኋትን የመጀመሪያ ጥሩር አልለበስኳትም። በአስማት 39,000 ሳንቲም አደረግኳት።