ልጅ በዕድሉ ያድጋል?

ከዚህ አባባል ጋር የቆየ ጠብ እንዳለኝ የዓምዴ ደንበኞች ታውቃላችሁ። ባለፈው እሑድ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ደግሞ ገጠመኝ። የቤቱ እመቤት ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ልጇን ታቅፋ፣ «ጤና ጣቢያ ሲለኩት ቁመቱ ከዕድሜው ወደ ኋላ ቀርቷል አሉኝ» አለች። አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ተይ ልጄ፣ አባቱስ መች ረጅም ነው? ልጅ በዕድሉ ያድጋል» አሏት። የእናቲቱ ፊት ፈካ። እኔን ቡናው አልዋጥ አለኝ።

መቀንጨር የቁመት ጉዳይ ብቻ ቢሆን እንዲህ ባልተንገበገብኩ። ልጁን ቁመት የነፈገው ያው የምግብ ጉድለት አእምሮውንም ይጎዳዋል፤ ነገ ትምህርት ቤት ሲገባ ይታያል። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው፦ 270 ቀን በማህፀን፣ 730 ቀን ከተወለደ በኋላ፣ በድምሩ 1,000 ቀን። ከዚያ ወዲያ ማካካስ እጅግ ይከብዳል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት መቀንጨርን ለማጥፋት የሰቆጣን ቃል ኪዳን ሲገባ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ላይ ያተኮረው ለዚህ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 37 በመቶ። ነገሩ ዕድል ቢሆን ኖሮ በ19 ዓመት እንዲህ ባልወረደ።

«ድህነት ነው» የሚሉኝ አሉ። ድህነቱን አልክድም። ግን ጎተራው ሙሉ በሆነ ቤትም ልጅ ይቀነጭራል። ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ገበያ ይወጣል፤ ልጁ ቀጭን አጥሚት ይጠጣል። እኔ ባደግኩበት ቤት እንቁላል የአባትና የእንግዳ ነበር።

ይህንኑ እዚያው ተናገርኩ፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። እማማ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ፣ «እኔ ሰባት ወልጃለሁ» አሉ። «አርግዤ ስበላ ‹ፅንሱ ይገዝፍና ምጥ ይጠናብሻል› ይሉኝ ነበር። ገበታው ሲነሳ የተረፈውን ነው የምቀምሰው። ታዲያ ልጆቼን ለዕድል ካልሰጠሁ ለማን ልስጥ?»

መልስ አጣሁ። ስንት ዓመት ከአባባሉ ጋር ስጣላ፣ አባባሉን የሙጥኝ ያሉት እናቶች ምን በልተው እንደወለዱ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ነፍሰ ጡር በቀን አንድ፣ የምታጠባ ሁለት ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይህን በየቤቱ እየዞረች ስትናገር የሚሰማት ግን ብዙ ጊዜ እናቲቱ ብቻ ናት። የቤቱን ወጪ የሚወስነው አባወራ በዚያ ሰዓት የለም። እንግዲህ የዛሬው ቁጣዬ ከእማማ ወደ እሱ ዞሯል። አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲለካ አብራችሁ ሂዱ። ገበታ ሲቀርብም የሚስታችሁን ድርሻ አስቀድሙ።

ስወጣ የቤቱ እመቤት እስከ በር ሸኘችኝ። በሹክሹክታ፣ «ደግሜ ይዣለሁ» አለችኝ። ሦስት ወሯ ነው። ከሁለተኛው ልጅ 1,000 ቀን 90ው አልፏል። ባሏን ቅዳሜ አገኘዋለሁ።