ውዳሴ ከንቱን ፈርተን ነው ወይስ ውለታን ረስተን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላትና ምእመናን፤ በመካከላችን እየተለመደ የመጣ አንድ አነጋገር አለ። በልጅነታችን ፊደል ያስቆጠሩንና ዳዊት ያስደገሙን የኔታ፣ መዝሙር ያስጠኑን ታላላቆቻችን፣ ጾምና ስግደትን ያስለመዱን እናቶች ይመስገኑ ሲባል፣ «ውዳሴ ከንቱ ይሆንባቸዋል፤ ዋጋቸውን ከእግዚአብሔር ያገኛሉ» የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ መንፈሳዊ ይመስላል። ነገር ግን ሲመረመር ቸልተኝነት የትሕትናን ልብስ ለብሶ ይገኛል።

ውዳሴ ከንቱን በእውነት የምንፈራ ብንሆን ኖሮ ፍርሃታችን በሁሉም ቦታ በታየ ነበር። ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገቢ ስናሰባስብ፣ ብዙ ገንዘብ የሰጠውን ባለጸጋ በስሙ ጠርተን እናስጨበጭብለታለን፤ የምስክር ወረቀት እንሰጠዋለን፤ ፎቶግራፉንም እንለጥፋለን። ያን ጊዜ ውዳሴ ከንቱ ትዝ አይለንም። ትዝ የሚለን የአረጋዊው መምህር ስም ሲነሣ ነው። እኚሁ መምህር ያረፉ ዕለት ግን የሕይወት ታሪካቸው በረጅሙ ይነበባል፤ «የዕውቀት አባታችን» ይባላሉ። ይህን ሁሉ ምስጋና ያልሰሙት እርሳቸው ብቻ ናቸው። ጸሎተ ፍትሐትና ተዝካር የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነውና ማንም አይነቅፈውም። የሚነቀፈው በቁም ሊከፈል የሚገባውን ዕዳ ለተዝካር ማቆየት ነው።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ምጽዋት ያስተማረውን እናስተውል (ማቴ. 6፥1-4)። በስውር ስጥ የተባለው ለማን ነው? ለሰጪው ነው። የተቀበለው ሰው ግን ይርሳ አልተባለም። መምህሩ ሥራውን ሊሰውር ይገባዋል፤ ደቀ መዝሙሩ ደግሞ ሊያስታውስ ይገባዋል። እኛ ለሰጪው የተነገረውን ማስጠንቀቂያ ወስደን ለተቀባዩ መርሳት ምክንያት አደረግነው።

ከአሥሩ ለምጻሞች መካከል ሁሉም ነጽተዋል፤ ተመልሶ በጌታ እግር ሥር የወደቀው ግን አንድ ሳምራዊ ብቻ ነበር (ሉቃ. 17፥11-19)። ዘጠኙ በልባቸው ደስ ሳይላቸው አልቀረም ይሆናል። ጌታችን የጠየቀው ግን የት እንዳሉ ነው። ሳምራዊውን ከእነርሱ የለየው የሄደበትን መንገድ ትቶ መመለሱ ነበር።

«ምስጋና ለእግዚአብሔር ብቻ ይገባል» የሚሉም አሉ። ቅዱስ ጳውሎስ ከእነርሱ ይልቅ ይህን ያውቅ ነበር። ሆኖም በሮሜ መልእክቱ መጨረሻ ከ20 በላይ ሰዎችን በስም እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል። ፌቤን ብዙዎችንና እርሱን ራሱን እንደ ረዳች ይመሰክራል፤ ጵርስቅላና አቂላ ስለ እርሱ ሕይወታቸውን ለአደጋ እንዳጋለጡ ይናገራል፤ የሩፎንን እናት የእኔም እናት ናት ይላል (ሮሜ 16፥1-13)። ለጢሞቴዎስም ሲጽፍ ያደገበትን እምነት ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ጋር በስም ያያይዘዋል (2ጢሞ. 1፥5)። በእነዚህ ሰዎች ላይ አድሮ የሠራው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ሐዋርያው አልጠፋውም፤ ያንን ማወቁ ስማቸውን ከመጥራት አልከለከለውም።

ለአስተማረን ሰው የምናቀርበው ምስጋና በቃል ብቻ እንደማያልቅም ይኸው ሐዋርያ አስተምሯል፤ ቃሉን የሚማር ሰው ከመምህሩ ጋር መልካሙን ነገር ሁሉ እንዲካፈል ያዝዛል (ገላ. 6፥6)። በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ይህ ትእዛዝ በተግባር ኖሯል። የቆሎ ተማሪ ለምኖ ያመጣትን ቁራሽ ከመምህሩ ጋር ይካፈል ነበር፤ ውኃ ይቀዳለታል፣ እንጨት ይለቅምለታል። ኤልሳዕም በኤልያስ እጅ ላይ ውኃ ያፈስ የነበረ ሰው ተብሎ ታውቋል (2ነገ. 3፥11)። ቤተ ክርስቲያን መምህራንን ትረዳበት የነበረው መሬትም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ከእጇ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የብዙ መምህራን ኑሮ በየደብሩ ዐቅምና በምእመናን እጅ ላይ ወድቋል። እንግዲህ «ዋጋቸውን ከእግዚአብሔር ያገኛሉ» ስንል፣ እግዚአብሔር ሊከፍልበት የወደደው እጅ የእኛ እጅ ቢሆንስ? ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ያሳደጉንን ሰዎች ስም ዛሬ በወረቀት እንጻፍ። በዝርዝሩ ላይ የኔታ ብቻ አይኑሩ፤ የቅዳሴ ሰዓት እንዳያልፈን ማልደው የቀሰቀሱን እናቶች፣ ያለ ደመወዝ ቅዳሜና እሑዳቸውን የሰጡን የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም ይግቡበት። ስማቸውን በጸሎታችን እናንሣ። በቅርብ ያሉትን ባዶ እጃችንን ሳንሆን ሄደን እንጠይቅ። በአሜሪካም ሆነ በዐረብ ሀገራት ያለን ደግሞ እንደውል፤ ከምንልከውም ላይ ድርሻቸውን እንለይ። ስናገኛቸውም ዝና አንዘርዝርላቸው። ያስተማሩን የትኛው ጸሎት ዛሬ በቤታችን እንደሚጸለይ፣ የትኛው ምክር ከየትኛው ጥፋት እንዳዳነን እንንገራቸው። እንዲህ ያለ ምስክርነት መምህሩን አያስታብይም፤ ድካሙ በከንቱ እንዳልቀረ አውቆ እግዚአብሔርን እንዲያመሰግን ያደርገዋል። ያረፉትንም በጸሎትና በተዝካር እናስባቸው፤ በሕይወት ያሉ ልጆቻቸውን እንጠይቅ።

አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ ይላሉ አበው። የብዙዎቹ መምህሮቻችን ጀምበር እያዘቀዘቀች ነውና ሳትጠልቅ እንድረስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።