ጥቁር ስክሪን ማለት የሞተ ኮምፒውተር ማለት አይደለም

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ ራሱ ብዙ ዋጋ የለውም። ውስጡ የነበረው ነገር ግን በገንዘብ አይገዛም።

አባቴ ከማረፋቸው በፊት ከአዲስ አበባ መጥተው ጋርላንድ ባለው ቤታችን ሦስት ወር ተቀምጠው ነበር። ማታ ማታ ሻይ እየጠጡ የልጅነታቸውን ታሪክ ይነግሩን ነበር፤ እኔም በላፕቶፑ ድምፃቸውን እቀዳ ነበር። አሥራ አንድ ቅጂዎች አሉ። "ነገ ሌላ ቦታ እገለብጣቸዋለሁ" ስል አራት ዓመት አለፈ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። የእኛ ላፕቶፕ ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟላም። የ14 ዓመቱ ልጄ፣ "አባዬ፣ አትጣለው። ቀላል ሊኑክስ ልጫንበት" አለኝ። እኔም "እሺ" አልኩ።

ሊኑክስ ምንድን ነው?

ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያስተዳድር ሲስተም ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ጀመረው። በነፃ ይገኛል፤ ዓይነቱም ብዙ ነው። ሉቡንቱ፣ ፓፒ ሊኑክስና አንቲኤክስ "ቀላል" ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ቀላል የተባሉት ትንሽ ሜሞሪ ስለሚበቃቸው ነው።

የኢትዮጵያ ልጆችም ቀላል ሊኑክስን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" በተባለው ፕሮጀክት በሺዎች የሚቆጠሩ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች ኢትዮጵያ ገብተው ነበር። የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር፤ ሜሞሪያቸውም 256 ሜጋባይት ብቻ ነበር። የእኛ አሮጌ ላፕቶፕ 4 ጊጋባይት አለው። አሥራ ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ የልጄ ሐሳብ ጥሩ ነበር።

እምቢ አለ

ቅዳሜ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ልጄ ብቻውን ጫነው። ማታ ስመጣ ዝም ብሏል። እሁድም ዝም አለ። ሰኞ እናቴ፣ "የፊታችን እሁድ የአባትህ ሙት ዓመት ነው። ዘመድ ሲሰበሰብ ድምፃቸውን ታሰማናለህ አይደል?" አሉኝ። ይሄኔ ልጄ አንገቱን ደፋ።

"አባዬ፣ ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ። ስክሪኑ ጥቁር ነው።"

"ስትጭነው ከዊንዶውስ ጎን ነው ያስቀመጥከው ወይስ ዲስኩን በሙሉ አጥፋ አልከው?"

"አላስታውስም። ይቅርታ። እንደገና ልጫነው?"

ልቤ ወረደ። ልቆጣም ነበር። እናቴ ግን ቀደሙኝ። "እኛ አገር ማታ እሳት አይጠፋም፣ አመድ ለብሶ ይዳፈናል" አሉ። "ጠዋት ስታየው አመድ ብቻ ይመስላል። ገለጥ አድርጋችሁ ሳታዩ ውሃ አታፍሱበት።"

እናቴ ስለ ሊኑክስ የሚያውቁት ነገር የለም። ምክራቸው ግን ትክክል ነበር። ስክሪን ሲጠቁር ብዙ ሰው ወዲያው እንደገና ይጭናል። እንደገና መጫን ደግሞ በዲስኩ ላይ አዲስ ነገር ይጽፋል፤ የቀረውንም ፋይል ሊያጠፋ ይችላል። ምስሉ አንድ ነገር ነው፤ ዲስኩ ሌላ ነገር ነው። ምስሉ ስለጠፋ ፋይሉ ጠፋ ማለት አይደለም።

ምስሉ የጠፋው የት ላይ ነው?

ኮምፒውተር ሲነሳ በተራ በተራ ነው። በመጀመሪያ ኃይል ያገኛል። ቀጥሎ የአምራቹ ሎጎ ይመጣል። ከዚያ ግረብ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ሊኑክስን ይጠራል። በመጨረሻ ሊኑክስ ተነስቶ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ምስሉ የት ላይ እንደጠፋ ካወቃችሁ ችግሩ የት እንዳለ ትጠጋላችሁ።

ምንም መብራት ከሌለና ማራገቢያው ካልዞረ፣ ቻርጀሩን ወይም ባትሪውን እዩ። ማራገቢያው እየዞረ ሎጎው ካልመጣ፣ ችግሩ ሊኑክስ አይደለም፤ ሜሞሪው ወይም ስክሪኑ ሊሆን ይችላል። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኙት። ቴሌቪዥኑ ላይ ምስል ከመጣ፣ የተበላሸው የላፕቶፑ ስክሪን ነው። ሎጎው መጥቶ ከዚያ በኋላ ከጠቆረ፣ ስክሪኑ ደህና ነው ማለት ነው። ያኔ የካፕስ ሎክን ቁልፍ ተጫኑ። ትንሿ መብራት ከበራችና ከጠፋች፣ ብዙውን ጊዜ ሲስተሙ ተነስቷል፤ የጎደለው ምስሉ ብቻ ነው።

የእኛ ሎጎ መጣ፤ ከዚያ ጨለመ። ካፕስ ሎክን ስንጫን መብራቷ በራች። ልጄ፣ "አልሞተም!" አለ።

መጀመሪያ ፋይሉን ማዳን

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ሴንትራል ኤክስፕረስዌይ ዳር ካለው ማይክሮ ሴንተር ባለ 128 ጊጋባይት ፍላሽ ገዛሁ። ልጄ ሊኑክሱን የጫነበት ሌላ ፍላሽ ነበረው። ብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫኑ ከፍላሹ ላይ ብቻ ይሠራሉ። ዲስኩን አይነኩትም።

"ስትጭን ምስል ነበረው?" ብዬ ጠየቅሁት።

"መጀመሪያ አልነበረውም። ሜኑው ላይ ሴፍ ግራፊክስ የሚለውን ስመርጥ መጣ።"

ይህ ትልቅ ፍንጭ ነበር። ሴፍ ግራፊክስ ማለት "የግራፊክስ ካርዱን በሙሉ ኃይሉ አትጠቀም፤ በቀላሉ አሳየኝ" ማለት ነው። በዚህ ምርጫ ምስል ከመጣ ጥፋቱ ያለው በሊኑክስና በግራፊክስ ካርዱ መካከል ነው። በመጫኛው ላይ የመረጥነው ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ተጫነው ሲስተም አይተላለፍም።

በፍላሹ አስነሳነው፤ ያንኑ ምርጫ መረጥን። ምስል መጣ። "ጫን" የሚለውን አልነካንም። የፋይል ማሳያውን ስንከፍት ዲስኩ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ክፍል ሊኑክስ ነበር። ሁለተኛውን ስንከፍት የድሮ ፎልደሮቼ ተደርድረው ታዩ። ከመካከላቸው አንዱ በአማርኛ "የአባባ ድምፅ" ይላል። ልጄ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ከዚያ ቆጠረ። አሥራ አንድ! ሳያስታውሰው ትክክለኛውን መርጦ ነበር።

ሁሉንም ወደ አዲሱ ፍላሽ ገለበጥናቸው። አንዱን ከፍተን መስማቱንም አረጋገጥን። የዊንዶውሱ ዲስክ በቢትሎከር ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ የመክፈቻ ቁጥሩን ይጠይቀን ነበር። ስለዚህ ሊኑክስ ከመጫናችሁ በፊት ያንን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት።

ከዚያ ጥገናው

አሁን መፍራት የለም። ፍላሹን ነቅለን ላፕቶፑን እንደገና አስነሳነው። ሎጎው ሲመጣ የኢስኬፕን ቁልፍ መታ መታ አደረግን። በአንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ላይ ደግሞ ሺፍትን ተጭኖ መያዝ ነው። የግረብ ሜኑ መጣ። ልጄ የዊንዶውስን ስም እዚያ ሲያጣ ደነገጠ። አዲሱ ግረብ ግን ሌላ ሲስተም ካልታዘዘ አይፈልግም። ስሙ ሜኑው ላይ ስለሌለ ዊንዶውስ ጠፍቷል ማለት አይደለም።

የመጀመሪያውን መስመር መርጠን "ኢ" የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጫንን። ብዙ ጽሑፍ መጣ። "ሊኑክስ" በሚለው ቃል የሚጀምረውን መስመር ፈለግን። በመስመሩ መጨረሻ ላይ "ኳየት" እና "ስፕላሽ" የሚሉ ሁለት ቃላት አሉ። የመጀመሪያው "ዝም በል" ማለት ነው፤ ሁለተኛው ሲስተሙ ሲነሳ ጌጥ ያሳያል። ሁለቱን አጥፍተን በቦታቸው "ኖሞድሴት" ብለን ጻፍን። ቃሉ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዲህ ይጻፋል፦ ኤን፣ ኦ፣ ኤም፣ ኦ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ። ሁሉም ትንንሽ ፊደል ነው፤ በመካከሉ ክፍት ቦታ የለም። ትርጉሙ "የስክሪኑን አሠራር አትቀይር" ነው። ከዚያ ኤፍ 10ን ተጫንን።

ነጭ ጽሑፍ በጥቁሩ ላይ ወረደ። ቆየት ብሎ የይለፍ ቃል መጠየቂያው መጣ።

ይህ ለውጥ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ብትሳሳቱም ጉዳት የለውም። ደግሞም ኖሞድሴት ምርኩዝ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ምስሉ ትልልቅና ዘገምተኛ ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ ከመጣ በኋላ ኢንተርኔት አገናኙና ሲስተሙን አፕዴት አድርጉ፤ ለግራፊክስ ካርዱ የተዘጋጀ ድራይቨር ካለም ጫኑ። ከዚያ ያለ ምርኩዝ ይነሳ እንደሆነ ሞክሩት። የእኛ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ።

የይለፍ ቃል ካስገባችሁ በኋላ ቢጠቁርስ? ያኔ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ተጫኑ። ምስል የሌለው የጽሑፍ መግቢያ ይመጣል። የይለፍ ቃሉን ስትጽፉ ፊደሉ አይታይም፤ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው ዲስኩ ስለሞላ ወይም የዴስክቶፑ ፕሮግራም ስለተበላሸ ነው።

እሁድ

እሁድ ዘመድ ተሰበሰበ። ከምሳ በኋላ ልጄ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የአባቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው። በቅጂው ውስጥ የሻይ ስኒ ሲቀመጥ እንኳ ይሰማል። እናቴ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ልጄ አያቱ ከተናገሩት ውስጥ ያልገባውን ቃል እየጠየቀ ሰማ።

ልጄ ሦስት ቀን የደበቀኝ ስለፈራኝ ነው። እኔም አራት ዓመት ሙሉ ቅጂ አላወጣሁም። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው። አሁን ቅጂዎቹ ሦስት ቦታ አሉ፦ ላፕቶፑ ላይ፣ ፍላሹ ላይ፣ አዲስ አበባ ባለችው እህቴ ኮምፒውተር ላይ።

እናንተስ ቤት የአያት ወይም የወላጅ ድምፅ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ወይም ስልክ አለ? ዛሬውኑ ገልብጡት። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።

የሳምንቱ ቃላት

እምቢ አለ፦ አልፈልግም አለ። አማርኛ ተናጋሪ ስለ ዕቃም እንዲህ ይላል፦ "መኪናው እምቢ አለ።"

መዳፈን፦ እሳት በአመድ ተሸፍኖ ሳይጠፋ መቆየት።

መገልበጥ፦ እዚህ ላይ፣ አንድን ፋይል ሌላ ቦታ ደግሞ ማስቀመጥ።

ሙት ዓመት፦ ሰው ያረፈበት ቀን በየዓመቱ የሚታሰብበት።

ምርኩዝ፦ ሰው ሲሄድ የሚደገፈው ዱላ።

ፍንጭ፦ የተደበቀውን ነገር ለማወቅ የሚረዳ ትንሽ ምልክት።