«እኛ ስኳር የት አግኝተን?»

ዛሬ ከልቤ የሚያንገበግበኝን ነገር ነው የማነሳው።

ሐሙሲትን የሚያውቅ ሰው ያውቃል፤ ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፤ ከገጠር የሚመጣው ታካሚም ይበዛል። በአንዱ ሐሙስ አንድ የ19 ዓመት ገበሬ በሰው ተደግፎ ገባ። ቀጭን ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ ያስመልሰዋል፤ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል። ከዚያ በፊት በሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ «ወባና ታይፎይድ ነው» ተብሎ መድኃኒት ወስዷል። እናቱን ስጠይቃቸው ልጁ ወር ሙሉ ውኃ አልጠግብ ብሎ፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ሲነሳ፣ ሱሪው ሲሰፋው ከርሟል። ጣቱን ወግተን ስንለካው ስኳሩ ማሽኑ ማንበብ ከሚችለው በላይ ሆኖ ተገኘ።

«እናቴ፣ ልጅዎ የስኳር ሕመም አለበት» አልኳቸው።

«አይ ልጄ! እኛ ስኳር የት አግኝተን? ቡናውንም በጨው ነው የምንጠጣ!»

ልጁ እግዚአብሔር ይመስገን ድኗል። ኢንሱሊኑን እየወጋ እርሻው ላይ ነው። የእናቱ ንግግር ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ምክንያቱም እሳቸው በአፋቸው ያሉትን እኛ ባለሙያዎችም በልባችን እናስበዋለን። «ስኳር የሀብታም፣ የወፍራም፣ የከተሜ በሽታ ነው» የሚለው አስተሳሰብ ሰው እየገደለ ነው ብዬ አምናለሁ። ወፍራም ነጋዴ ሲመጣ ስኳሩን እንለካለን፤ ቀጭን ገበሬ ሲመጣ ግን ትዝም አይለን።

ስሙ ነው ያሳሳተን። የስኳር ሕመም ስኳር ከመላስ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ቆሽታችን ኢንሱሊን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ከእንጀራውም ከዳቦውም ያገኘነው ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ሰውነታችን ሕዋሳት የሚገባው በእሱ ነው። ዓይነት 1 ላይ ኢንሱሊኑ ጨርሶ ያልቃል ለማለት ይቻላል፤ በአብዛኛው ልጆችንና ወጣቶችን ይይዛል፤ ከውፍረት ጋር አይገናኝም። በዓይነት 2 ደግሞ ኢንሱሊኑ ቢኖርም በአግባቡ አይሠራም፤ ዕድሜ፣ ዘር፣ ውፍረትና እንቅስቃሴ ማጣት ያባብሱታል።

ሌላም አለ። በፈረንጆቹ 2009 ፕሮፌሰር ሽታዬ አለሙና ባልደረቦቻቸው ከጎንደር ያወጡት ጥናት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን በብዛት ቀጫጭን፣ ድሃና ወንዶች መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። ጥያቄያቸውም «በምግብ እጥረት የሚመጣ የስኳር ሕመም የሚባለውን ነገር እንደገና እንየው ወይ?» የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 መዝግቦት በ1999 ሰርዞት ነበር። በ2025 ግን ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጠው። በሳይንቲስቶች መካከል ክርክሩ አላለቀም። ለእኛ ግን መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ድህነት ከስኳር ሕመም አያድንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፦ ለኩ፣ አስለኩ! ውኃ ጥም፣ ሽንት መብዛት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ድካም ካለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ «ስኳሬን ለኩልኝ» በሉ። አታፍሩ። ሽንት መሽናቱን ትቶ የነበረ ልጅ አልጋው ላይ እንደገና ከጀመረም አስለኩት። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመምና ጥልቅ ትንፋሽ ከተጨመረበት ደሙ አሲድ እየሆነ ነው ማለት ሊሆን ይችላልና ለነገ አይባልም። ምግብ ሳይበላ 126 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ምልክት እያለ በማንኛውም ሰዓት 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር ሕመምን ያመለክታል። የሙያ አጋሮቼ፣ እናንተንም ልለምን፤ የሚያስመልሰውን ወጣት «ታይፎይድ» ብለን ከመሸኘታችን በፊት አንዲት ጠብታ ደም እንይ። ወባ ቢገኝበት እንኳ እንለካው፤ ሁለቱ አብረው ሊመጡ ይችላሉ።

ሁለተኛ፦ ኢንሱሊን የተጀመረለት ሰው በራሱ አያቁም! በ1922 ጥር ወር ቶሮንቶ ላይ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን ኢንሱሊን ተወጋ። ከዚያ በፊት እንደ እሱ ያሉ ልጆች የሚጠብቃቸው ሞት ነበር። ዛሬም ኢንሱሊኑ ከተቋረጠ ያው ነው። ጸበል መሄድ ትፈልጋላችሁ? ሂዱ፣ እኔም እሄዳለሁ፤ ግን ኢንሱሊኑን ይዛችሁ ሂዱ። መጾም ትፈልጋላችሁ? አስቀድማችሁ ሐኪማችሁንና የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስጨንቅም። ጠዋት ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋል ስኳርን አውርዶ ራስ ያስታል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡ፤ ወደ ሕክምና አሩጡት። ታመው መብላት ካቃታችሁም ኢንሱሊኑን አትተዉ፤ ፈሳሽ እየጠጣችሁ ቶሎ ኑ።

«ፍሪጅ የለንም» ለምትሉ፦ የተከፈተ ብልቃጥ በቀዝቃዛ ቦታ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ትንሽ ማሰሮ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ከታችሁ መሐላቸውን በረጠበ አሸዋ ሙሉት፤ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ውስጥ አስቀምጡ። ከምድጃና ከፀሐይ አርቁት።

የሚመለከተው አካል ይህን ካነበበ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ገበሬ ለአንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን የአንድ ቀን መንገድ መሄድ የለበትም። ክትትሉም መድኃኒቱም መለኪያውም በቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ፣ ሳይቆራረጥ ሊኖር ይገባል።

እናንተ ጋር ቀጭን ሆኖ የስኳር ሕመም የተገኘበት ሰው አለ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ገጠር ቤተሰብ ላላችሁ ደግሞ ማጋራት ብቻ አይበቃም፤ ደውላችሁ ንገሯቸው። ይህ ጽሑፍ ለትምህርት ነው፤ የመድኃኒት መጠን ከሐኪማችሁ ሳትነጋገሩ አትቀይሩ።

ቸር ያሰንብተን!