‹ኢንግ› ሁሉ ‹እየ› አይደለም

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ አንድ ተማሪ አግኝታችሁ «እንግሊዝኛ ግስ መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው ‹ኢንግ› በአማርኛ ምንድን ነው?» ብትሉት፣ ብዙም ሳያስብ «‹እየ› ነዋ!» የሚላችሁ ይመስለኛል። እኛም የተማርነው እንዲሁ ነው። «አይ አም ሪዲንግ» ማለት «እያነበብኩ ነው»። ትክክል ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ትምህርቱ እዚያው ላይ መቆሙ ነው።

እስኪ ከክፍል ወጥተን ገጠር እንግባ። የምዕራብ ጎጃም ገበሬ በቆሎና በርበሬ ያመርታል፤ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ኬሚካልም ይጠቀማል። በእንዲህ ዓይነት ኬሚካል መያዣ ላይ «አቮይድ ብሪዚንግ ደስት» እና «ዋሽ ሃንድስ ቢፎር ኢቲንግ» የሚሉ ማስጠንቀቂያዎች የተለመዱ ናቸው። አባት «እስኪ አንብብልኝ ልጄ» ብሎ ቢሰጠው፣ ‹ኢንግ›ን በ‹እየ› ብቻ የሚያውቅ ልጅ «አቧራውን እየተነፈሱ...» ብሎ ይጀምርና መንገዱ ይጠፋበታል። መልእክቱ ግን «አቧራውን ከመተንፈስ ይጠንቀቁ»፣ «ከመብላትዎ በፊት እጅዎን ይታጠቡ» ነው። ሁለቱም ላይ ‹እየ› የለም። ያለው ‹መ› ነው፦ መተንፈስ፣ መብላት።

እንግሊዝኛ በአንዲት ጭራ የሚሠራውን አማርኛ ለብዙ ቅርጽ አከፋፍሎታል። «አይ ኢንጆይ ሪዲንግ» ሲሆን «ማንበብ ያስደስተኛል» እንላለን። «ኤ ቦሪንግ ክላስ» ሲሆን «የሚያሰለች ክፍለ ጊዜ»። «ዘይ ፊኒሽድ ሃርቨስቲንግ» ሲሆን ደግሞ «አጭደው ጨረሱ»። ይህን ሁሉ በ‹እየ› ልተርጉም ያለ ተማሪ ቢደናገር ምን ይገርማል?

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ዝርዝር ይመጣል። «ኢንጆይ»፣ «አቮይድ»፣ «ፊኒሽ» ‹ኢንግ› ይወስዳሉ፤ «ዋንት»፣ «ሆፕ»፣ «ዲሳይድ» ‹ቱ› ይወስዳሉ፤ በቃ ሸምድዱ! ዝርዝሩ ውሸት የለበትም፤ ጥቅምም አለው። ነገር ግን ሁለቱንም የሚወስዱ ግሶች ሲመጡ ሽምደዳው ይከሽፋል፤ እዚያ ላይ ቅርጹ ሲቀየር ትርጉሙም አብሮ ይቀየራላ።

«ስቶፕ»ን እንይ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚሄድ ሹፌር መንገድ ዳር በርበሬ አየና «ስቶፕድ ቱ ባይ»፤ በርበሬ ለመግዛት ቆመ። ዋጋው ሲንር ደግሞ «ስቶፕድ ባዪንግ»፤ መግዛት አቆመ። «ለመግዛት ቆመ» እና «መግዛት አቆመ»። ልዩነቱን የስድስት ዓመት ልጅ እንኳ አያጣውም። እንግሊዝኛው ከባድ የመሰለን አማርኛው ሳይጠየቅ ስለቀረ ነው።

«ሪሜምበር»ም እንዲሁ ነው። «ሪሜምበር ቱ ሎክ ዘ ዶር» ማለት «በሩን መቆለፍ እንዳትረሳ»፤ ገና አልተቆለፈም። «አይ ሪሜምበር ሎኪንግ ዘ ዶር» ማለት «በሩን መቆለፌን አስታውሳለሁ»፤ ተቆልፏል። «መቆለፍ» እና «መቆለፌን»፤ ሥራው ገና የሚሠራ መሆኑንና ተሠርቶ ያለቀ መሆኑን በዚህች ይለዩታል። «ትራይ ቱ ኦፕን ዘ ዊንዶው» ሲባል መስኮቱ ተጣብቆ እንቢ ብሏል፤ «ለመክፈት ሞክር»። «ትራይ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶው» ሲባል ደግሞ ቤቱ ታፍኗል፤ «እስኪ መስኮቱን ከፈት አድርገህ እየው» ማለት ነው።

አማርኛ ሁሌም ያድነናል ማለቴ አይደለም። «አይ ሶው ሂም ክሮስ» እና «አይ ሶው ሂም ክሮሲንግ» ለእኛ ሁለቱም «ሲሻገር አየሁት» ናቸው። የመጀመሪያው ከዳር እስከ ዳር መሻገሩን፣ ሁለተኛው መሀል ላይ እያለ መታየቱን የሚናገር መሆኑን መምህሩ ማስረዳት አለበት። «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ»ም አለ፤ ከሥራ ማመልከቻ ወደ ሥራ ማመልከቻ ስንገለብጠው የኖርነው። እዚህ ‹ቱ› እና ‹ኢንግ› አንድ ላይ ገቡ፤ ዝርዝሩን የሸመደደ ሰው ስህተት ይመስለዋል። ‹ቱ› እዚህ ጋ መስተዋድድ ስለሆነች ከኋላዋ ስም ትፈልጋለች፤ «ሂሪንግ» ደግሞ እንደ «መስማት» በስም ቦታ የገባ ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ሁሉ የ‹ኢንግ› ጣጣ ነው አልልም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ቢያውቀውም አይጠቅመውም። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነውና በዚያው ልናገር። ማንኛውም ነገር ዋጋው ለእሱ ሲባል በቀረው ነገር ይለካል። ትርጉሙ ያልገባን ዝርዝር ስንሸመድድ የጠፋው ሰዓት፣ አንድ ገጽ ታሪክ ሊነበብበት ይችል የነበረ ሰዓት ነው። ክፍለ ጊዜ እንደ ልብ በማይገኝበት በዚህ ወቅት ደግሞ ኪሳራው እጥፍ ነው።

«በእንግሊዝኛ ክፍል አማርኛ ከተፈቀደ ልጆቹ ይሰንፋሉ» የሚሉ መምህራን አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ማንበቡ፣ መስማቱ፣ መናገሩ በእንግሊዝኛ ይሁን። ለማነጻጸር ግን አምስት ደቂቃ አትንፈጉን፤ «ለመግዛት ቆመ» እና «መግዛት አቆመ» ብሎ ለማስረዳት ከዚያ በላይ አይፈጅም። መጽሐፍ አዘጋጆችም ከግሶቹ ዝርዝር ጎን አንዲት የአማርኛ ዓምድ ብትጨምሩ ወጪው የአንድ ገጽ ወረቀት ነው። ልጆቻችን ልዩነቱን ከቤታቸው ይዘውት መጥተዋል፤ የሚቀረው እንግሊዝኛው ጋ ማገናኘት ነው።