ስለ ትምህርት ቤት የረዥም ዘመን ዕቅድና ስለ ወላጆች ድርሻ

ብዙ ሰዎች ዕቅድ የሚባለው ነገር በመሥሪያ ቤት ተጽፎ፥ ማኅተም ታትሞበት፥ በመደርደሪያ የሚቀመጥ ወረቀት ይመስላቸዋል። ይልቁንም የትምህርት ቤት ዕቅድ ሲባል የዲሬክተሩና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጕዳይ ነው ይላሉ እንጂ፥ የአባትና የእናትም ጕዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ በዚህ ገጽ ልናስረዳ የምንወደው ይህ ዐሳብ ልክ አለመሆኑን ነው። ልጁን ለዐሥራ ሁለት ዓመት ለትምህርት ቤት ዐደራ የሚሰጥ ወላጅ፥ ያ ትምህርት ቤት ከአምስትና ከዐሥር ዓመት በኋላ ወዴት ሊደርስ እንዳሰበ ካላወቀ፥ ዐደራውን ለማን እንደ ሰጠ አላወቀም ማለት ነው።

ምሳሌውን ከሩቅ አገር ሳይሆን ከሮቢት እንውሰድ። ሮቢት በሰሜን ወሎ፥ በራያ ቆቦ ወረዳ፥ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቈላው ማሽላና ጤፍ የሚያበቅል ለም መሬት ነው፤ ነገር ግን ዝናሙ የማይታመን ስለ ሆነ፥ የራያ ገበሬ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ እርሻውን የማጠጣትን ጥበብ ከአባቶቹ ተምሯል። ጎርፉ የሚመጣው በድንገት ነው፤ የሚቈየውም ለጥቂት ሰዓት ነው። ቦዩን አስቀድሞ በበጋ ያልጠረገ ሰው ውሃው በደጁ ሲያልፍ ቆሞ ያያል። ደግሞም ቦዩ የሚጠረገው በአንድ ሰው ጕልበት አይደለም፤ የላይኛውና የታችኛው ባለ መሬት ተስማምተው፥ ተራቸውን ለይተው፥ የሚዳኛቸውን ሰው መርጠው ነው። የረዥም ዘመን ዕቅድ ማለትም ይኸው ነው፤ ገና ላልመጣው ውሃ ቦይ መጥረግ፥ የላይኛውም ጠጥቶ የታችኛው እንዳይጠማ አስቀድሞ መስማማት ነው።

በአገራችን የትምህርት ዕቅድ አዲስ ነገር አይደለም። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. የአፍሪቃ መንግሥታት መልእክተኞች በአዲስ አበባ ተሰብስበው፥ በሀያ ዓመት ውስጥ የመዠመሪያ ደረጃ ትምህርት ለአፍሪቃ ልጆች ኹሉ እንዲዳረስ ዐሳብ ቈርጠው ነበር። ሀያው ዓመት አለፈ፤ ዐሳቡ ግን በአገራችን አልተፈጸመም። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ሴክተር ሪቪው የተባለው ትልቅ የትምህርት ጥናት ተፈጸመ። ጥናቱን ያዘጋጁት ብዙ ዐዋቂዎች ነበሩ፤ ሆኖም መምህራንና ወላጆች ምን እንደ ተጻፈበት ሳይነገራቸው ቈየ። በ1966 ዓ.ም. ነገሩ በተገለጠ ጊዜ፥ መምህራኑ ስለ ኑሯቸው፥ ወላጆቹም የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ የታሰበ መስሏቸው ተቃወሙ፤ በየካቲት ወር መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ። ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጥ ነው። ዕቅድ በዕውቀት ብቻ አይጸናም፤ የሚመለከተው ሰው ኹሉ ሲጻፍ ካልሰማው፥ ሲነበብለት አይቀበለውም።

ከዚያ ወዲህ የዕቅዱ ሥራ እያደር ወደ ሕዝቡ ቀርቧል። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ ወጣ፤ ከ1990 ዓ.ም. ዠምሮም የትምህርት ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር በየዘመኑ ሲታቀድ ቈይቶ፥ ስድስተኛው ከ2013 እስከ 2017 ዓ.ም. ተወስኖ ነበር። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ወረዳዎች በጥቅል የሚሰጣቸውን በጀት ራሳቸው እንዲደለድሉ ተደረገ። በ1999 ዓ.ም. በተዠመረው የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር ደግሞ፥ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ራሱን መርምሮ የሦስት ዓመት ዕቅድ፥ ከዚያም የየዓመቱን ዕቅድ እንዲያወጣ ታዘዘ። ምርመራውም በአራት ነገር ነው፤ በመማርና በማስተማር፥ በትምህርት ቤቱ ስፍራ ምቹነት፥ በአመራርና በኅብረተ ሰቡ ተሳትፎ። እንግዲህ ወላጅ ከዕቅዱ ሩብ የሚሆነው ክፍል በስሙ ተጽፎለታል፤ የቀረው መገኘቱ ነው።

አሁን ዕቅዱ እንዴት እንደሚሠራ በየተራው እንመልከት።

መዠመሪያው ቈጠራ ነው። ትምህርት ቤት በመዝገቡ የሚቈጥረው የመጣውን ልጅ ነው፤ የረዥም ዘመን ዕቅድ ግን ያልመጣውን ልጅ ከመቍጠር ይዠምራል። በራያ ቈላ ያልመጣው ልጅ የት እንዳለ ጐረቤት ያውቀዋል። አንዱ ማሽላው በሚያፈራበት ወራት በማማ ላይ ወፍ ይጠብቃል፤ አንዱ ከብት ይዞ ሣርና ውሃ ፍለጋ ሄዷል፤ አንዷ ውሃ ስትቀዳ ትውላለች፤ አንዷ ሕግ የወሰነው ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት ለባል ተሰጥታለች፤ አንዱም ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ መንገድ ዠምሯል። ይህን ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ሆኖ የሚያውቅ ሰው የለም። የሚያውቁት እናቶች፥ የቀበሌው ሽማግሌዎች፥ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አገልጋዮች ናቸው።

ሁለተኛው ልጁ ያለበትን ደረጃ ማወቅ ነው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ አንድ የሮቢት ልጅ እናስብ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ስለ ኮሮና ደዌ የአገሩ ትምህርት ቤቶች ኹሉ ተዘጉ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ራያ ቆቦ ገባ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቈየ፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ዳግመኛ ተመለሰ። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ውል ተፈረመ፤ ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ዠምሮ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቶ በብዙ ስፍራ ትምህርት ተቋረጠ። ይህ ልጅ በየዓመቱ ቢያልፍ ኖሮ በ2017 ዓ.ም. ስድስተኛ ክፍል ይደርስ ነበር። ነገር ግን ስድስተኛ ክፍል መቀመጥ ሌላ፥ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ያህል አንብቦ ማስተዋል ሌላ ነው።

የዚህን ነገር ክብደት በአገሩ ኹሉ ፈተና አይተነዋል። በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከመቶ ኀምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ብቻ ነበሩ። ይህ ውድቀት በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የተዠመረ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ፊደል ያልለየ ልጅ ወደ ንባብ፥ ንባቡ ያልቀናለትም ወደ ዳዊት አይተላለፍም፤ የኔታ እያንዳንዱን ልጅ በየደረጃው ይሰሙታልና። ዘመናዊው ትምህርት ቤትም ከዚህ ሥርዐት የሚወስደው ብዙ ነገር አለ። ለሮቢትና ለመሰሎቿ ከዕቅዶች ኹሉ የሚቀድመው፥ ልጅ ኹሉ ሦስተኛ ክፍልን ሳያልፍ አጥርቶ እንዲያነብ፥ ጊዜው ያለፈበትም ካለበት ተነሥቶ እንዲታገዝ ማድረግ ነው ብለን እናምናለን።

ሦስተኛው ጥቂቱን መምረጥ ነው። አንዳንድ ዕቅድ መልካም የሆነውን ነገር ኹሉ ሰብስቦ ይጽፋል፤ ቤተ መጻሕፍት፥ አጥር፥ የውሃ ጕድጓድ፥ የመምህራን ቤት፥ አትክልት። ኹሉም ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ኹሉን የቀደመ አንዱንም አላስቀደመም። ሦስት ወይም አራት ነገር መርጦ፥ የትኛው በስንተኛው ዓመት በማን እጅ እንዲፈጸም መወሰን ይሻላል።

አራተኛው ወጪው ነው። እኛ በፍርድ መዝገብ ዘንድ ዕድሜያችንን ያሳለፍን ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን፤ ፍርድ ያማረ ቢሆን አፈጻጸም ከሌለው ለባለ መብቱ ወረቀት ነው። ዕቅድም ገንዘብና ሰው ካልተመደበለት እንዲሁ ነው። የወረዳ የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል ስለ ሆነ፥ የቀረውን ማን እንደሚያዋጣ በግልጥ መጻፍ ይገባል፤ መንግሥት ይህን፥ ነጋዴው ይህን፥ ገበሬው በድንጋይና በጕልበት ይህን ተብሎ። ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለኀምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ሲደለድሉም በመንገድ ዳር ያለው ትምህርት ቤት ብቻ ጠጥቶ በዞብል ተራራ ሥር ያለው እንዳይጠማ ይጠንቀቁ።

አምስተኛው በየዓመቱ በሕዝብ ፊት ማንበብ ነው። ዕቅዱ በክረምት መግቢያ፥ ወላጆች ባሉበት፥ በሚገባ ዐማርኛ ይነበብ፤ የተፈጸመው ተፈጸመ፥ የቀረው ስለምን ቀረ ይባል። በአደባባይ የሚነበብ ዕቅድ በመደርደሪያ አይረሳም።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይነሣል። ሰላም በሚደፈርስበት፥ ዝናም በሚቀርበት አገር ለአምስት ዓመት ማቀድ ምን ይጠቅማል? የሚል አንባቢ አይታጣም። ይህ የሚናቅ ጥያቄ አይደለም፤ የወሎ ሰው የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኃብ አይረሳም። ነገር ግን ጎርፉ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ቦይ አይጠረግም ያለ ገበሬ የለም። የሚሻለው ክፉ ቀንን በዕቅዱ ውስጥ ማግባት ነው። የተማሪዎቹ መዝገብ ቅጅ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ፤ መዝገቡ የጠፋበት ልጅ የተማረውን የሚያስመሰክርበት የለውምና። ትምህርት ቢቋረጥ መጻሕፍቱ በማን ቤት እንደሚደርሱ፥ ታናናሾቹን የትኛው ታላቅ ልጅ እንደሚያስነብብ፥ በስንተኛው ሳምንት ትምህርቱ እንደሚመለስና የባከነው ጊዜ በየትኛው ወር እንደሚካካስ አስቀድሞ ይወሰን። የትምህርቱም ወራት ሲሰፈር የማሽላው አጨዳ ይታሰብ፤ ልጅን ከማሳ የሚያስቀረው የአባቱ ፈቃድ ነውና፥ አባትየው ሳይማከር የተቈረጠ ቀን አይከበርም።

ስለዚህ ለሹማምንትና ለአገር ሽማግሌዎች የምናሳስበው ይህ ነው። ወላጆችን የምትጠሩት ዕቅዱ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ለማጨብጨብ አይሁን፤ ገና ወረቀቱ ባዶ ሳለ ጥሩ፤ እናቶችንም በፊት ወንበር አስቀምጡ። እናንተም ወላጆች፥ ስትጠሩ ሥራ በዛብን አትበሉ። የልጃችሁን ክፍል ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤቱን ዕቅድ ጠይቁ፤ ከጐረቤታችሁ ቤት የቀረውንም ልጅ ስሙን አስመዝግቡ። አንድ የአምስት ዓመት ዕቅድ የአንድ ልጅ ትምህርት እኩሌታ እንኳ አይሆንም። ዕቅዱ ቢበላሽ ሌላ ይጻፋል፤ በዚያ መካከል ያደገው ልጅ ግን ዳግመኛ የሰባት ዓመት ልጅ አይሆንም።