ልብ ቅጥ ሲያጣ

የዛሬውን ጉዳያችንን ከድሬዳዋ፣ ከቀፊራ ገበያ እንጀምረው። ቀትር ሊሆን ነው። ዘንቢላችሁን ሞልታችሁ ከገበያው ስትወጡ ልባችሁ ድንገት ይርገበገባል፤ አንዴ ይዘላል፣ አንዴ ይጣደፋል፣ ትንፋሽ ያጥራችኋል። አጠገባችሁ ያለችው ነጋዴ ውኃ ታቀብላችሁና «አይዞን አቦ! ሙቀቱ ነው» ትላለች።

ብዙ ጊዜ እውነቷን ነው። ሙቀት፣ የውኃ ጥም፣ ወፍራም ቡና፣ በድሬ ደግሞ ጫት ልብን ያስሮጣሉ። ሆኖም ጥላ ሥር አረፍ በሉና ሁለት ጣታችሁን ከአውራ ጣት ግርጌ፣ የእጅ አንጓ ላይ አሳርፉ። አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። አርፎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው የልብ ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ግን አመታቱን አስተውሉ። ሙቀት ልብን ቢያፈጥነውም ምቱ እንደ ሰዓት እኩል ይሄዳል። አንዱ ፈጥኖ ሌላው ዘግይቶ፣ አንዱ ጠንክሮ ሌላው ደክሞ፣ ምንም ቅጥ ከሌለው በፀሐይ አታሳብቡ፤ በኢሲጂ መሣሪያ ተመርመሩ።

ልብ የምትመታው ከቀኝ የላይኛው ክፍሏ በሚነሣ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ይህ ሥርዓት ሲፈርስ የላይኞቹ ክፍሎች በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። የሚንቀጠቀጥ ልብ ደሙን ጨምቆ አያስወጣም። የቆመ ደም ይረጋል፤ የረጋው ተነሥቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ማለዳ እንጀራ ስትጋግር የነበረች እናት እኩለ ቀን ላይ አንደበቷ ሊያዝ ይችላል።

በበለጸጉት አገሮች ይህ ሕመም በአብዛኛው የአረጋውያን ነው። በእኛ አገር ግን ወጣቶችንም ይይዛል፤ መነሻውም ብዙ ጊዜ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ነው። ልጁ ቶንሲል ሲያመው ፔኒሲሊን በመስጠት ፈንታ እንጥሉን አስቆርጠን ዝም እንላለን! በባክቴሪያ የመጣው ሕመም ሳይታከም ሲቀር የቁርጥማት ትኩሳት ያስከትላል፤ እርሱም የልብን በሮች ያጠባል። ለእነዚህ ልጆች ነበር በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል የተቋቋመው።

ታዲያ ምቱ ይመለሳል? በመድኃኒት ሊመለስ ይችላል፤ ሕመምተኛውን አስተኝቶ በተመጠነ የኤሌክትሪክ ንዝረትም ሊመለስ ይችላል። ይህን ዘዴ ዶክተር በርናርድ ላውን በ1962 እ.ኤ.አ. አስተዋወቁ። መቸኮል ግን አደጋ አለው። መንቀጥቀጡ ከ48 ሰዓት ካለፈ፣ ልብ ዳግም መጭመቅ ስትጀምር የረጋውን ደም ራሷ ልትወረውረው ትችላለች። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 3 ሳምንት አስቀድሞ፣ ቢያንስ 4 ሳምንትም ከዚያ በኋላ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት ይወሰዳል። የጠበበው በር ካልተስተካከለ ደግሞ የተመለሰው ምት ብዙ አይቆይም፤ መድኃኒቱም ለዘለቄታው ያስፈልጋል።

ያ መድኃኒት ዋርፋሪን ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ፣ በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው፣ የልብ በራቸው በቁርጥማት ትኩሳት ለተጎዳ ሰዎች ይህ አሮጌ መድኃኒት ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን የተሻለ ነው። አስቸጋሪ መድኃኒት መሆኑን አልደብቃችሁም። በየጊዜው የደም ምርመራ ይጠይቃል፤ ሲበዛ ያደማል፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለመውለድ ያሰበች እህት ለሐኪሟ ሳትነግር አትቀጥል። ቀለል ሲላችሁ፣ ወይም ተጸልዮላችሁ «ድኛለሁ» ብላችሁ ስታምኑ፣ በራሳችሁ አታቋርጡት፤ ሐኪሙም መርምሮ ይየው።

ምቱ ከተዛባ ጋር ራስ መሳት፣ የደረት ሕመም፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ወገን መስነፍ ከመጣ ግን ቀጠሮ የለም፤ ወዲያውኑ ወደ ድልጮራ ወይም ቅርባችሁ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ።

ዋርፋሪን የምትወስዱ ስለ ጎመን ትጠይቁ ይሆናል። ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል እንጂ የተከለከለ አይደለም። አንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ሌላውን ሳምንት ጨርሶ አለመብላት ነው ምርመራውን የሚያዛባው። ከቀፊራ ስትገዙ ልካችሁን ጠብቁ።